ላንጉጅ ሰርቨር «ተጭኗል» ተብሎ አልነሳ ሲል፦ ፓይራይትን በኒዮቪም ላይ ለማስነሳት ያለፍኩበት መንገድ

ኒዮቪም በተባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር የፓይተን ኮድ የምትጽፉ ከሆነ፣ ፓይራይት የተባለውን ላንጉጅ ሰርቨር ጭናችሁ የ«ተጭኗል» ምልክቱን አይታችሁ፣ ፋይሉን ስትከፍቱ ግን ስህተት የሚጠቁም መስመርም ሆነ ቃል የሚያሟላ ዝርዝር ሳይመጣላችሁ ቀርቶ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የገጠመኝ ኡቡንቱ 22.04 በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ የጃንጎ (የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) ፕሮጀክት እየሠራሁ ሳለ ነው። ችግሩን ለመፍታት የፈጀብኝ ጊዜ ከችግሩ ክብደት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ የወሰደብኝ ጥገናው ሳይሆን የተበላሸው የቱ እንደሆነ መለየቱ ነው። ስለዚህ ከመፍትሔው ይልቅ ወደ መፍትሔው ባደረሰኝ መንገድ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አስቀድሞ መረዳት ያለብን ላንጉጅ ሰርቨር የኤዲተሩ አካል አለመሆኑን ነው። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ጋር በመሆን የላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን (በአጭሩ ኤልኤስፒን) ይፋ ያደረገው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዓላማውም እያንዳንዱ ኤዲተር ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ የየራሱን መሣሪያ ከመሥራት ይልቅ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ከየትኛውም ኤዲተር ጋር በተመሳሳይ መንገድ እንዲነጋገር ማድረግ ነበር። ኤዲተሩ ያንን ፕሮግራም ከጀርባ ያስነሳዋል፤ ከዚያም «ይህ ፋይል ተከፍቷል»፣ «እዚህ ቦታ ላይ ምን ልጽፍ እችላለሁ» እያለ መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩም ይመልሳል። ኒዮቪም ይህን ንግግር ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ማካሄድ የቻለው በ2021 ከወጣው 0.5 ጀምሮ ነው። እንግዲህ በመካከል ኤዲተሩ፣ ጫኚው፣ ሰርቨሩ፣ ሰርቨሩን የሚያስኬደው ፕሮግራምና የራሳችን ፕሮጀክት አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ስክሪናችን ላይ የምናየው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፦ ምንም ነገር አይመጣም።

ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከመንቀላችን በፊት ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን፣ ከዚያም ቆጣሪው መዞሩን እናያለን። እዚህም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ቧንቧውን ከመንቀል እንጀምራለን።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ኡቡንቱ 22.04 በራሱ ማከማቻ የሚያቀርበው ኒዮቪም 0.6.1 ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ፕለጊኖች ደግሞ ከዚያ እጅግ የላቀ እትም ይጠይቃሉ። ስለዚህ 0.11ን ከፕሮጀክቱ ይፋዊ ማውረጃ አውርጄ ጫንኩ። ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር ኤዲተሩን ብቻ ለይቶ ማዘመን ዙሪያውን ያሉትን መሣሪያዎች ባሉበት እንደሚተዋቸው ነው። በ2025 የወጣ ኤዲተር ከ2022 መሣሪያዎች ጋር በአንድ ማሽን ላይ ተቀመጠ፤ ኋላ የመጣው ዋናው ችግር ሥሩ ከዚህ ነው።

ሰርቨሮችን ለመጫን የተጠቀምኩት ሜሰን የተባለውን ፕለጊን ነው። ሜሰን ፓይራይትን ለመጫን ሲሞክር ወዲያውኑ አቆመ፤ ምክንያቱም ኤንፒኤም አልተገኘም አለ። ፓይተንን ለሚያነብ መሣሪያ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማውረጃ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ቢነሳባችሁ አይደንቅም፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ፓይራይት የሚመረምረው የፓይተንን ኮድ ይሁን እንጂ እሱ ራሱ የተጻፈው በታይፕስክሪፕት ስለሆነ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ኮድን በሚያስኬደው ፕሮግራም በኖድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክሬም ከዚህ ይመነጫል፦ ማንኛውንም ላንጉጅ ሰርቨር ከመጫናችሁ በፊት «ሰርቨሩ ራሱ በምን ተጻፈ፣ በምን ላይስ ይሠራል» ብላችሁ ጠይቁ። የሲና የሲ++ ሰርቨር የሆነው ክላንግዲ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሲሆን፣ የጎ ቋንቋውን ጎፕልስ ለመጫን የጎ መሣሪያዎች መኖር አለባቸው፤ የጃቫው ጄዲቲኤልኤስ በቅርብ እትሞቹ ጃቫ 21 ይፈልጋል፣ ምንም እንኳ የእናንተ ፕሮጀክት በቆየ ጃቫ የተጻፈ ቢሆን።

ኤንፒኤም ጠፍቷል ሲባል እጅ የሚሄደው ወደ ቅርቡ መንገድ ነው፤ እኔም በአፕት፣ ማለትም በኡቡንቱ የራሱ ፓኬጅ መጫኛ፣ ጫንኩት። በኡቡንቱ ማከማቻ ያለው የኤንፒኤም ፓኬጅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፓኬጆችን አስከትሎ የሚወርድ ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ ሆትስፖት ለምንሠራ ሰዎች ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ወረደ። ሜሰንንም እንደገና ሳዝዘው ፓይራይትን አውርዶ የ«ተጭኗል» ምልክቱን አሳየ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

የፓይተን ፋይል ስከፍት ግን ከስክሪኑ ግርጌ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ ፓይራይት በኤግዚት ኮድ 1፣ በሲግናል 0 ተዘግቷል፣ ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) ተመልከት የሚል። ጠቃሚው ክፍል የመጨረሻው ሐረግ ሆኖ ሳለ ዓይን የሚያርፈው «ተዘግቷል» በሚለው ላይ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ሁላችንም የምናደርገው ይታወቃል፦ ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን፣ የኮንፊግ (የኤዲተሩን ማዋቀሪያ) ፎልደሩን መሰረዝ፣ ሌላ ፕለጊን መሞከር። ደግሞ መጫን እዚህ ሊጠቅም የማይችልበትን ምክንያት ልብ በሉ። የሚወርደው ያው ፓኬጅ ነው፣ የሚያስኬደውም ያው ኖድ ነው፤ ሁለቱም ሳይለወጡ ውጤቱ ሊለወጥ አይችልም። ደግሞ መጫን የሚረዳው ማውረዱ በመካከል ሲቋረጥ ነው፤ ያ ሲሆን ደግሞ ሜሰን «ተጭኗል» አይልም።

ከዚህ የባሰው መንገድ ከተለያዩ መመሪያዎች የኮንፊግ ቁራጭ እየገለበጡ መለጠፍ ነው። ኒዮቪም 0.11 ሰርቨሮችን የሚያዋቅርበትና የሚያነሳበት አዲስ መንገድ ይዞ መጥቷል፤ ሜሰንን ከኤልኤስፒ ጋር የሚያገናኘው ፕለጊንም በ2025 ወደ ሁለተኛ ዋና እትሙ ሲሸጋገር «ሴትአፕ ሃንድለርስ» የተባለውን የቀድሞ ፈንክሽን አስቀርቷል። የ2023 መመሪያ ላይ ያለውን ኮድ ዛሬ ብትለጥፉት፣ ፈንክሽኑ የለም የሚል አዲስ ስህተት ከነባሩ ላይ ይደረባል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ችግር የመጀመሪያው፣ የትኛው የተጨመረው እንደሆነ መለየት ያዳግታል። እኔን የጠቀመኝ የኮንፊግ ፎልደሩን የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት መያዜ ነበር። የለጠፍኩትን ሁሉ ጥዬ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ተመለስኩና ከአንድ ችግር ጋር ብቻ ተፋጠጥኩ። የእናንተ ኮንፊግ በጊት ሥር ካልሆነ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዛሬውኑ አስገቡት።

ነገሩ መልክ የያዘው ሎጉን ስከፍት ነው። ፋይሉ የሚገኘው በሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ነጥብ ሎካል፣ ስቴት፣ ኤንቪም በሚለው መንገድ ሲሆን ስሙ ኤልኤስፒ ነጥብ ሎግ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል። ኒዮቪም ሰርቨሩ የተናገረውን ስህተት በሙሉ በአንድ ረጅም መስመር ስለሚያስቀምጠው፣ አዲስ መስመር መጀመር በነበረበት ቦታ ሁሉ የኋልዮሽ ሰያፍ ምልክትና ኤን የተባለችው ፊደል ተጽፈው ይታያሉ። መስመሩ የሚጀምረው «ኤረር» በሚል ቃልና በቀኑ ነው፤ ቀጥሎ የሰርቨሩ ስም፣ ከዚያ «ኤስቲዲኤረር» የሚል ቃል ይመጣል፤ እውነተኛው መልእክት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ መስመሩን ወደ ሌላ ፋይል ገልብጬ እነዚያን ምልክቶች ወደ እውነተኛ አዲስ መስመር ስቀይራቸው ሁሉም ነገር ሊነበብ ቻለ። ከፓይራይት ውስጥ የተወሰደ አንድ የኮድ መስመር፣ ከሥሩ ቦታውን የምታመለክት ትንሽ ቀስት፣ ቀጥሎም «ሲንታክስ ኤረር፦ አንኤክስፔክትድ ቶከን» የሚል ጽሑፍና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አንድ የጥያቄ ምልክት ነበር።

ይህ መልእክት ብዙ ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ ሰርቨሩ ተገኝቷል፤ መነሳትም ጀምሯል፤ ስለዚህ ኤዲተሩና ኮንፊጉ ጥፋት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የሰዋስው ስህተት ተባለ እንጂ ስህተቱ የተገኘው በእኔ ኮድ ሳይሆን በሰርቨሩ በራሱ ኮድ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም የሰዋስው ስህተት ይዞ ይወጣል ማለት ደግሞ ዘበት ነው። የቀረው አንድ ግምት ነበር፦ ኮዱ ትክክል ነው፣ የሚያነበው ኖድ ግን አላወቀውም።

ግምቱን ለማረጋገጥ ሰርቨሩን ከኤዲተሩ ውጪ በእጄ አስነሳሁት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ዘንድ ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህን ነው። ሜሰን የጫናቸውን ሰርቨሮች ማስነሻ በሆም ፎልደራችሁ ነጥብ ሎካል፣ ሼር፣ ኤንቪም፣ ሜሰን፣ ቢን በሚለው መንገድ ታገኙታላችሁ። ተርሚናል ከፍታችሁ ፓይራይት ላንግሰርቨር የሚለውን ፋይል ሙሉ መንገዱን ሰጥታችሁ ጥሩት፤ ከኋላው ሁለት ሰረዝና «ኤስቲዲአይኦ» የሚለውን ቃል መጨመር አትርሱ፤ ያለዚያ ጤነኛው ሰርቨር ራሱ የሚነጋገርበት መስመር አልተሰጠኝም ብሎ በስህተት ይወጣል። ሰርቨሩ ደህና ከሆነ ምንም ሳይጽፍ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዝምታው የጤንነት ምልክት ነውና ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ አስቁሙት። ካልሆነ ያንኑ ስህተት ያለ ምንም ውጥንቅጥ ፊታችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። የእኔም ያንኑ ደገመ፤ ኤዲተሩም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ቀጥሎ የኖድን እትም ጠየቅሁ፤ መልሱ 12.22.9 ሆነ። ኡቡንቱ 22.04 የሚያቀርበው ኖድ ይህ ነው፤ የኖድ 12 ድጋፍ ያበቃው ደግሞ ራሱ ኡቡንቱ 22.04 በወጣበት በሚያዝያ 2022 ነው። ፓይራይት ቢያንስ ኖድ 14ን ይፈልጋል፤ ሁለት የጥያቄ ምልክቶች ተከታትለው የሚጻፉበትን የጃቫስክሪፕት አጻጻፍ ኖድ ያወቀው ከ14 ጀምሮ ነውና። ሎጉ ውስጥ ያየሁት የጥያቄ ምልክት ምንጩ ይህ ነበር። በነገራችን ላይ ከኖድ 17 ወዲህ ያሉት እትሞች እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲገጥማቸው ከመልእክቱ ግርጌ የራሳቸውን እትም ቁጥር ይጽፋሉ፤ ኖድ 12 ግን ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ታዲያ ሜሰን ለምን «ተጭኗል» አለ? ምልክቱ የሚናገረው ፓኬጁ ወርዶ በቦታው መቀመጡን እንጂ መነሳት መቻሉን ስላልሆነ ነው። ኤንፒኤም በበኩሉ የኖዱ እትም እንደማይመጥን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን «ኢ ባድ ኤንጂን» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ መጫኑን ይቀጥላል እንጂ አያቆምም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ሥራው የተሳካ በሚመስልበት ሰዓት ማንም የማይከፍተው ቦታ ላይ ይቀራል። የሜሰንን ሎግ ለማየት ሜሰንሎግ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ መጫኑ ገና ከጅምሩ ሲከሽፍ ደግሞ በሜሰን መስኮት ውስጥ በፓኬጁ ስም ላይ ሆናችሁ ኢንተርን ብትጫኑ ዝርዝሩ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ በአፕት የገባውን ኖድና ኤንፒኤም አስወግጄ የኖድ እትሞችን በሚጭነውና በሚቀያይረው በኤንቪኤም አማካኝነት ኖድ 22ን ጫንኩ፤ ተርሚናል ውስጥ ኒዮቪምን ስከፍት ፓይራይት ተነሳ። አሮጌውን ማስወገዱ ግዴታ ባይሆንም እመክረዋለሁ፤ ሁለት ኖድ በአንድ ማሽን ላይ ሲኖር የትኛው እንደተጠራ መገመት ይጀመራልና።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ያንኑ ፕሮጀክት ዴስክቶፕ ላይ ባለው አይከን በኩል ስከፍተው ሰርቨሩ እንደገና ወደቀ። በዚህ ጊዜ ግን ለሎጉ እንግዳ አልነበርኩም፤ ወዲያው ከፈትኩት። ኤግዚት ኮዱ 127 ነበር፤ መልእክቱም «ኤንቭ» ኖድ የሚባል ነገር አላገኘሁም አለ የሚል ነው። 127 ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ሲሆን፣ 126 ደግሞ ፋይሉ አለ ነገር ግን ሊነሳ አልቻለም ማለት ነው፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ ብዙ ፍለጋ ያሳጥራል። የፓይራይት ማስነሻ ፋይል የመጀመሪያ መስመሩ «በፓዝ ላይ ኖድ የሚባለውን ፈልገህ በእሱ አስኪደኝ» የሚል ነው፤ ፓዝ ማለት ሲስተሙ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ኤንቪኤም ኖድን ፓዝ ላይ የሚያስቀምጠው በባሽአርሲ ፋይል አማካኝነት ነው፤ ያ ፋይል የሚነበበው ደግሞ ተርሚናል ውስጥ ሼል ሲከፈት ነው። በአይከን የተከፈተ ኤዲተር በዚያ በኩል ስለማያልፍ አዲሱ ኖድ መኖሩን አያውቅም።

መፍትሔው ከአንድ በላይ ነው። ኒዮቪምን ሁልጊዜ ከተርሚናል መክፈት አንዱ ነው። እኔ ግን የመረጥኩት በሆም ፎልደሬ ነጥብ ሎካል፣ ቢን ውስጥ ወደ ኖድና ወደ ኤንፒኤም የሚያመለክቱ ሊንኮችን መፍጠር ነበር፤ የኡቡንቱ ፕሮፋይል ፋይል ያንን ፎልደር ካገኘው በመግቢያ ጊዜ ፓዝ ላይ ይጨምረዋልና። ወጥቼ እንደገና ስገባ በአይከንም በተርሚናልም አንድ ዓይነት ሠራ። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ኖድን በኤንቪኤም ባሳደጋችሁ ቁጥር ሊንኮቹን ማደስ እንዳለባችሁ አስታውሱ።

ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ የሚመጣ ሌላ ነገር አለና ሳትደናገጡ እለፉት። ፓይራይት ጃንጎ የተጠራባቸውን መስመሮች ሁሉ «ኢምፖርቱ ሊገኝ አልቻለም» ብሎ ምልክት አደረገባቸው። ይህ የመጫን ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰርቨሩ ሥራውን መጀመሩን ያሳያል። ጃንጎ ያለው በፕሮጀክቱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ በተለየ የፓይተን ፎልደር) ውስጥ ሲሆን ፓይራይት ግን የሚያየው የሲስተሙን ፓይተን ነበር። ኢንቫይሮመንቱን አክቲቬት አድርጋችሁ ኤዲተሩን ከዚያው ተርሚናል ብትከፍቱ ይስተካከላል። በአይከን ለምትከፍቱ ደግሞ በፕሮጀክቱ ሥር ፓይራይትኮንፊግ የተባለውን የጄሰን ፋይል ፈጥራችሁ «ቬንቭፓዝ» እና «ቬንቭ» በሚሉት ሁለት ቁልፎች ቦታውን መንገር ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

የእናንተ ሰርቨር ፓይራይት ካልሆነ መንገዱ ያው ሆኖ ጉድለቱ ሊለይ ይችላል። በፓይተን የተጻፉ ሰርቨሮችን ሜሰን የሚጭነው ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት እየፈጠረ ስለሆነ፣ በኡቡንቱና በዴቢያን ለብቻው የሚጫነው የፓይተን ቬንቭ ፓኬጅ ከሌለ ገና ከጅምሩ ይከሽፋል። አንዚፕ ባለመኖሩ ብቻ የሚቀሩም አሉ፤ ቼክኸልዝ የሚለውን ትእዛዝ ከሜሰን ስም ጋር ብትሰጡት የጎደለውን ይዘረዝርላችኋል። የስም ልዩነትም ያሳስታል። የሉአው ሰርቨር በሜሰን ዘንድ በሙሉ ስሙ ሲጠራ በኮንፊግ ውስጥ ግን አጭር ስም አለው፤ የታይፕስክሪፕቱ ሰርቨር የኮንፊግ ስምም በ2024 ተቀይሯልና በአሮጌው ስም የተጻፈ ኮንፊግ ካላችሁ አስተካክሉት።

ሁሉንም ሞክራችሁ ሰው መጠየቅ ካስፈለጋችሁ፣ «አልሠራ አለኝ» ከማለት ይልቅ የኒዮቪሙን እትም፣ የኖዱን እትም፣ ሰርቨሩን በእጃችሁ ስታስነሱት የጻፈውንና የሎጉን የመጨረሻ መስመሮች አያይዛችሁ ላኩ፤ ከመላካችሁ በፊት ግን ሎጉ ውስጥ የፎልደርና የፕሮጀክት ስሞች ስለሚኖሩ የመሥሪያ ቤታችሁን ምስጢር የሚገልጽ ነገር አለመኖሩን ተመልከቱ። ለምርመራ ብላችሁ የሎጉን ደረጃ ወደ ዲበግ ከፍ ካደረጋችሁም ሥራው ሲያልቅ ወደ ዋርን መልሱት፤ በዲበግ ደረጃ ኤዲተሩና ሰርቨሩ የሚለዋወጡት መልእክት ሁሉ ስለሚጻፍ ፋይሉ ሳይታወቅ ዲስካችሁን ሊሞላው ይችላል።